በአፍ በኩል የታከሙት የት ገቡ?

ታክ ፒልሱን ሰው በፊቱ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኮሪያዋን የወደብ ከተማ የቶንግዮንግን ሴቶች ገላ ስታሽ የኖረች ናትና፣ ገበያ መሃል አንዷ እጇን ይዛ ሰላም ስትላት ማን እንደሆነች ግራ ገብቷት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች ትቆማለች። ሴትዮዋ ተሰናብታ ጀርባዋን ስታዞር ነው «ውይ፣ ለካ ያቺ ግራ ትከሻዋ ላይ ማርያም የሳመቻት ናት!» የምትለው።

አይፈረድባትም። የምትሠራበት የንጋት ፍልውሃ ቤት እንፋሎቱ ከወደቡ ጭጋግ ይወፍራል፤ ደንበኞቿም ገሚሱን ጊዜ በሆዳቸው ተደፍተው ነው የሚገኙት። እሷ በጥቁር የውስጥ ልብሷ፣ አረንጓዴውን ሻካራ ጓንት አጥልቃ፣ ሮዝ ፕላስቲክ በለበሰው አልጋ ዙሪያ ትሽከረከራለች። ቃል አታባክንም። ጭን ላይ አንድ ጥፊ «በጎንሽ ዙሪ» ማለት ነው፤ ሁለት ጥፊ «ተገልበጪ»። ቀኑን ሙሉ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ሲፈለቅቁ የዋሉ ሴቶችም ሆኑ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት፣ ጥፊው ያው ጥፊ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዓመት ያተረፈችው እምነት አንድ ነው። ገላ አይዋሽም። የትኛዋ ሆዷን ተከፍታ እንደወለደች፣ የትኛዋ ሐሞቷን እንዳስወጣች፣ የትኛዋ «ከደረጃ ወደቅሁ» እያለች ከልጇ ሞተር ሳይክል ላይ እንደወደቀች ጓንቱ ነግሯታል። «ቢላዋ የነካው ሰው ከእኔ አይደበቅም» ትላለች። ይህችን አነጋገሯን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሳህን ኦይስተር ነው። ፒልሱን ኮምጣጤ በበዛበት በርበሬ እያጠቀሰች ስትጎርስ ቀኝ መንጋጋዋ ሥር አንድ ነገር ተነፋ። የተቀቀለ እንቁላል ያህላል፤ ደግሞም ይጠዘጥዛል። ከሰዓት በኋላ ራሱ ሟሸሸ። ከዚያ ወዲህ ጎምዛዛ ነገር አፏ በገባ ቁጥር እንቁላሉ ከች ይላል። እየቆየ እንዲያውም መብላቱም ቀረ፤ ማሰቡ ብቻ ይበቃው ጀመር። የሰፈሩ ክሊኒክ «ምራቅሽ ጠጠር ሠርቷል» ቢላትም ነገሩን ተወችው።

የፍልውሃው ባለቤት ማልሬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በሩ አጠገብ ካለችው ጠባብ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ቁልፍ ታድላለች፣ የተቀቀለ እንቁላልና የሙዝ ወተት ትሸጣለች። የፒልሱንን ነገር ካወቀች ወዲህ ሥራ ፈትታ መዋል ቀረላት።

«ፒልሱን!» ትላለች በመስኮቷ።

«አቤት እትዬ።»

«ያልበሰለ ፕለም።»

«ኧረ ይተዉኝ!»

«ኮምጣጤ ውስጥ የከረመ።»

ፒልሱን መንጋጋዋን ይዛ እየተሳደበች ትሮጣለች። አሮጊቷ እንባዋን በፎጣ እየጠረገች እስኪያስላት ትስቃለች።

ሰፈሩ እንዲህ እየሳቀ ሁለት ዓመት ከረመ። ኋላ ሶልሂ ታጨች፤ ያኔ ሳቁ ቆመ።

ሶልሂ የፒልሱን አንድ ልጅ ናት። አባቷ ገና በጡት ሳለች ስለሞተ በዚያው አረንጓዴ ጓንት ነው ያደገችው። ጂንጁ ከተማ ፖስታ ቤት ስትሠራ ከአንድ ጨዋ ልጅ ጋር ተዋደደች። የልጁ እናት ወይዘሮ ቦክሂ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። እንደ ወጉ ሁለቱ ቤተሰቦች ምሳ ላይ ሊተዋወቁ ቀን ተቆረጠ። ፒልሱን አዲስ ጫማ ገዛች፣ አቀማመጥ ሳይቀር ማልሬ ፊት ተለማመደች።

ገና ከመቀመጣቸው ኪምቺ የሚሉት የኮመጠጠ ቀዝቃዛ ፍጅል ከነጎምዛዛ ውሃው መጣ። ርዕሰ መምህርቷ በገዛ እጇ ቀድታ አቀረበችላት። የልጅ አማት የቀዳችው እንዴት ይተዋል? ፒልሱን ጠጣች። እንቁላሉ ከች አለ። እሷም እጇን አገጯ ላይ ጣል፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲሁ ቆየች። ስለ ልጃቸው ጠባይ ሲነግሯት «እህ» ትላለች፤ ስለ ሠርጉ አዳራሽ ሲጠይቋት «እም» ትላለች። ላያት ሰው አውቶቡስ የዘገየባት መንገደኛ ነበር የምትመስለው።

በሦስተኛው ቀን ሶልሂ ደወለች።

«እማ፣ ምን ነካሽ? እናቱ እኮ ‹ልጃችንን ንቀውታል፣ አገጫቸውን ተደግፈው መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ዋሉ› ብለው እህል አልቀምስ አሉ!»

«እኔ? የሰው እድፍ ፈትጌ የምበላ ሴት ርዕሰ መምህርት ልንቅ?»

«ታዲያ እውነቱን ንገሪያቸዋ!»

«ምን ብዬ? ምራቄ ድንጋይ ወለደ ብዬ? ‹በዘራቸው ጠጠር አለ› ሊሉሽ?»

ሶልሂ በተሰበረ ድምፅ፣ «እማዬ፣ በሠርጌ ቀን ከእሳቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ሻማ ታበራላችሁ፤ ከዚያ አንድ ገበታ ላይ ትቀመጣላችሁ። እንደዚያ ቀን ከሆንሽ ዕድሜ ልኬን ‹የናቁን ሰዎች ልጅ› እየተባልኩ ነው የምኖረው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አንድ ቀን ብቻ ቀጥ ብለሽ ብይልኝ» አለቻት።

ሠርጉ አሥር ሳምንት ነበር የቀረው። ፒልሱን በማግስቱ ቡሳን ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ሄደች።

ዶክተር ፒዮ ለጋ ሐኪም ነው፤ ነገር ማስረዳት ይወዳል። ፎቶውን አይቶ ጠጠሩ የምራቅ ዕጢዋ ውስጥ ጠልቆ ስለተቀረቀረ ዕጢው ራሱ መውጣት እንዳለበት ነገራት። ከዚያ ወረቀት ስቦ ሦስት አገጭ ሣለ።

«ቤቱ አንድ ነው እናቴ፤ በሩ ግን ሦስት ነው። አንደኛው በአንገት በኩል፣ ከመንጋጋ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። ለእኔ የሚቀለኝ እሱ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ጠባሳ ይኖራል። የከንፈርን ጥግ የሚያንቀሳቅስ ነርቭም በዚያ ያልፋልና፣ አንዳንዴ ለጥቂት ሳምንት አፍ ጠመም ይላል።»

ፒልሱን ለሠርጉ የምትለብሰውን የአገር ልብስ፣ ሃንቦኩን አሰበች። የሃንቦክ አንገትጌ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠባሳው እንደ መብራት ሊበራ ነው። ጠባሳውስ ይሁን። የተጣመመ አፍ ይዛ ወይዘሮ ቦክሂ ፊት ብትቀርብ ግን ምን ይባላል? ባለፈው ንቃን ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አሽሟጠጠችብን!

«ሁለተኛውስ?»

«ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ፀጉር ሲበቅል ጠባሳው ይሸፈናል። ትንሽ መላጨት አለበት፤ ጊዜም ይወስዳል፤ ጆሮም ይደነዝዛል።»

የሙሽራ እናት ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ ነው የምትገባው። ከጆሮዋ ኋላ የተላጨ መንገድ ይዛ ሻማ ስታበራ ታያት። እንግዳው ከእስር ቤት ወጥታ የመጣች ሳይመስለው አይቀርም።

«ሦስተኛው በአፍ በኩል ነው፤ ከምላስ ሥር። ለእኔ ጠባብና አስቸጋሪ ነው፤ ለእርስዎ ግን ከውጭ ምንም አይታይም። ምላስ ጥቂት ሳምንት ሊደነዝዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።»

«በዚህ በኩል ስንት ሰው ሠርተዋል?»

«ወደ ስድሳ ይሆናሉ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«የት? ቤታቸው ናቸዋ እናቴ።»

«ሄደው አይተዋቸዋል?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አስባ እንድትደውል ነግሮ ወረቀቱን አጥፎ ሰጣት።

ፒልሱን ግን በወረቀት የምታምን ሴት አይደለችም። በጓንቷ ነው የምታምነው። በማግስቱ ምርመራዋን ጀመረች። አልጋዋ ላይ የተኛች ሴት ሁሉ አንገቷ ይዳበሳል፤ ከጆሮዋ ጀርባ ፀጉሯ ይገለጣል። ደንበኞቿ መጀመሪያ ቅማል የምትፈልግ መስሏቸው ተቆጡ። ጉዳዩን ሲሰሙ ግን አንገታቸውን ራሳቸው እያቀረቡ አስቸገሩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ በአንገት በኩል የተሠሩ አራት አገኘች። አንዷ ኦይስተር ፈልቃቂ ናት፤ «ሁለት ወር ሙሉ ሾርባ በቀኝ በኩል ይፈስሰኝ ነበር፤ ባሌ ፎጣ ይዞ ነበር የሚበላው። ዛሬ ይኸው፣ እንኳን ሾርባ ሐሜትም አያመልጠኝ» አለቻት። ከጆሮ ኋላ የተሠሩ ሁለት ተገኙ። አንደኛዋ ጆሮዋ ስድስት ወር ደንዝዞባት የወርቅ ጉትቻዋ ሲወድቅ አልሰማችም፤ እስከ ዛሬ አማቷን ነው የምትጠረጥረው። በአፍ በኩል የተሠራች ግን አንዲት እንኳ ጠፋች።

ፒልሱን መስኮቷ ላይ ተደግፋ ለማልሬ ውጤቱን አቀረበች።

«አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ። ከስድሳ ሰው ውስጥ ገላዋን የምትታጠብ አንዲት እንኳ ትጥፋ?»

«ምናልባት ጠባሳ ስለሌላቸው ይሆናላ» አለች ማልሬ እንቁላል እየላጠች።

«እትዬ ማልሬ፣ ቢላዋ የነካው ሰው ከእኔ አይደበቅም። ሞተዋል።»

ማልሬ እንቁላሉን አፏ አጠገብ አቆመችው። «ስድሳውም?»

«ስድሳውም። የሞተ ሰው ፍልውሃ አይመጣም።»

ማልሬ እንቁላሉን ሳትበላ መልሳ አስቀመጠችው። ወሬው በእንፋሎቱ ውስጥ ሲዞር ሁለት ደጋግ ሴቶች የቡድሃ ቤተ መቅደስ ድረስ ሄደው ለስድሳዎቹ ነፍስ መብራት ሰቀሉላቸው።

ፒልሱንም ቆረጠች። ሆስፒታሉ ደውላ ለማክሰኞ በአንገት በኩል ቀጠሮ ያዘች። ስልኩን ስትዘጋ አፏን በመስታወት አየችው። አጣማ ሞከረችው። የሶልሂ ፊት ድቅን አለባትና ልቧ ተሰበረ።

እሑድ ዕለት አንዲት ዘንካታ ሴት የፒር ፍራፍሬ ሳጥን ታቅፋ ፍልውሃው በር ላይ ቆመች። ወይዘሮ ቦክሂ ነበረች። ነገሩ ከነከናት፤ የልጇ አማት በእርግጥ ንቃቸው እንደሆነ ዓይን ለዓይን ልትጠይቃት ሦስት አውቶቡስ ቀይራ ነው የመጣችው።

«ወይዘሮ ፒልሱንን ፈልጌ ነበር።»

«ሁሉም ፒልሱንን ነው የሚፈልገው» አለች ማልሬ ቀና ሳትል። «ጫማ እዚያ፣ ቁልፍ አሥራ ሰባት፣ ፎጣ ሁለት። ዕቃሽን እዚህ ተይው።»

«የለም፣ እኔ እንኳን...»

«ልብስ ለብሶ መግባት አይቻልም! ሰልፍ እየዘጋሽ ነው።»

አርባ ዓመት ሰው ስታሰልፍ የኖረች ሴት ሰልፍ ሲሏት አንድ ነገር ከውስጧ ታዘዘ። ጫማዋን አወለቀች፣ ልብሷን አጣጠፈች፣ መነጽሯን ቁልፍ አሥራ ሰባት በሚከፍተው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። እንፋሎቱ ውስጥ ገብታ እየተደናበረች ሳለ አንድ እጅ ክንዷን ይዞ አልጋ ላይ አጋደማት። ሁለት ጥፊ ጭኗ ላይ አረፈ። ተገለበጠች።

«ጀርባሽ አዲስ ነው» አለች ፒልሱን እየፈተገች። «ከሌላ አገር ነሽ አይደል እህቴ? እስቲ አንገትሽን። ንጹሕ ነው። ከጆሮሽ ኋላም የለም። የታደልሽ! እኔን ማክሰኞ ሊያርዱኝ ነው።»

ከዚያ ነገርን ነገር እያነሳው ሁሉንም ዘረገፈችው። ጠጠሩን፣ ሦስቱን በር፣ ምሳውን።

«አማቲቱ ርዕሰ መምህርት ናት። ማስመሪያ እንደዋጠ ሰው ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው። ያንን ጎምዛዛ ውሃ ራሷ ቀዳችልኝ፤ እንዴት ልተወው? ጠጣሁና አበጥኩ። ይኸው ናቀችን ብላ እህል አልበላም አለች።»

«ለምን አልነገርሻትም?» አለ ከፎጣው ውስጥ የታፈነ ድምፅ።

ጓንቱ ቆመ። «አፍሬ ነዋ! ልጄ ገላ አሺ እናት ይዛ ነው እዚያ ቤት የምትገባው። በዚያ ላይ የታመመች እናት? አፌ ቢጣመምም ለእኔ ምንም አይደል፤ እኔ ሰው የሚያውቀኝ በእጄ ነው። አሽሟጠጠችብኝ ብላ ልጄን እንዳታስከፋብኝ ነው የምፈራው።»

«በአፍ በኩል ለምን አይሆንም?» አለች ሴትዮዋ።

«በዚያ በኩል ስድሳ ሰው አልቋል እኮ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈትግ አንዲት በሕይወት ያለች አላጋጠመኝም።»

ጀርባው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፒልሱን ያሳመመቻት መስሏት እጇን አነሳች።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«ምን ከሆንሽ?»

«ከሞትኩ።»

ከዚያ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ታይቶ በማይታወቅ ድፍረት፣ ያለ ጥፊ ዞረች። ተነስታ ተቀመጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ምላሷንም አነሳች። ፒልሱን አገጯን ይዛ ወደ አምፖሉ አዞረቻት። ከምላሷ ሥር በስተቀኝ ክር የምታህል ነጭ መስመር ነበረች።

«እትዬ ማልሬ! አንዷ አለች! አንዷ ተርፋለች!»

ገንዳው ተራቆተ። ሰባት ሴቶች ውሃቸው እየተንጠባጠበ ተሰብስበው ተራ በተራ የርዕሰ መምህርቷን አፍ ተመለከቱ። «ያምማል?» ሲሏት «አአአ» ትላለች፤ «ምላስሽ ይሠራል?» ሲሏት «አአአ» ትላለች። ቤተ መቅደስ መብራት የሰቀለችው አንደኛዋ «ታዲያ አምሳ ዘጠኙስ?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ በመጨረሻ አፏን ዘግታ፣ «አፍ ውስጥ የተሠራ ሰው ጀርባውን ቢፈትጉት እንዴት ይገኛል?» አለች።

ፒልሱን እንዲህ ያለ ሐሳብ ጭራሽ መጥቶላት አያውቅም ነበር። ጓንቷን አየችው። ዕድሜ ልኩን ስለ አፍ ውስጥ አንዲት ቃል ነግሯት አያውቅም።

«ከመታከሜ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ ነው ያስተማርኩት» አለች ሴትዮዋ። እጇን አገጯ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክርኗን ጉልበቷ ላይ ደግፋ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። «ተማሪዎቼ ኩሩ ይሉኝ ነበር። አፍሬ ለማንም አልነገርኩም። የዚያን ቀን ግን እርስዎ ፊት ለፊቴ እንዲሁ ሲቀመጡ አላወቅኩዎትም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፒልሱን የሴትዮዋን አንገት አየች። ማስመሪያ እንደዋጠ ሰው ቀጥ ብሏል። ጓንቱ ከእጇ ወደቀ።

«ውይ በሞትኩት! ማስመሪያዋ!»

«ማስመሪያዋ ነኝ» አለች ወይዘሮ ቦክሂ።

ፒልሱን በጥቁር የውስጥ ልብሷ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሳች። ወይዘሮ ቦክሂም ያው እርቃኗን ተነስታ እጥፍ አለች። «ይማሩኝ!» «የለም እርስዎ ይማሩኝ!» እየተባባሉ ቀና ማለቱን እምቢ አሉ። ማልሬ በሩ ላይ ቆማ፣ «አማትና ሽንት ቤት ሲርቅ ነው ጥሩ ይላሉ። እናንተማ ከዚህ በላይ የምትቀራረቡበት የላችሁም፤ ቀና በሉ» ስትል ፒልሱን እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ያን ዕለት ጀርባዋን ሁለት ጊዜ ፈተገችላት። ማታውኑ ሆስፒታሉ ደውላ፣ «በአፍ በኩል ይሁን። ምስክር አግኝቻለሁ» አለች። ዶክተር ፒዮ የምን ምስክር እንደሆነ አልገባውም፤ ሆኖም ጊዜ ወስዶ በደንብ ሠራላት። ሦስት ሳምንት ምላሷ በአንድ በኩል ደንዝዞ እንደ ሰካራም ስትናገር ቆየች። ማልሬ «ያልበሰለ ፕለም! በኮምጣጤ!» ብላ ብትጮኽ ምንም የሚነፋ ነገር ጠፋ። አሮጊቷ ለሁለት ቀን ከፋት።

በሠርጉ ዕለት የንጋት ፍልውሃ ሴቶች የሙሽራዋን ወገን መቀመጫ ሞሉት። ፒልሱን በሰማያዊ ሃንቦክ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ከወይዘሮ ቦክሂ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስትገባ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አንገቷን መረመሩ፤ ስታልፍ ደግሞ ከጆሮዋ ኋላ አዩ። ምንም የለም። ሻማዎቹንም አብረው አበሩ።

ገበታው ላይ ያው ቀዝቃዛ የፍጅል ኪምቺ ከነጎምዛዛ ውሃው መጣ። ወይዘሮ ቦክሂ በገዛ እጇ ቀዳችላት። ሶልሂ ከወዲያ ጠረጴዛ እንግዳ ሰላም እያለች ዓይኗን ከእናቷ አልነቀለችም። የፒልሱን እጅ ሳታውቀው፣ ከልማድ፣ ወደ አገጯ ተነሳ። መንጋጋዋ ሥር ምንም አልነበረም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ቦክሂ አየቻት። ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ፣ እጇን አገጯ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፒልሱን ሳቋን ውጣ እሷም እንዲሁ ሆነች። ሁለቱ እናቶች በሐር ልብሳቸው አገጫቸውን ተደግፈው መስኮት መስኮቱን ማየት ያዙ።

ሶልሂ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። «እማ! ደግሞ ምን ተባባላችሁ?»

ፒልሱን እጇን ከአገጯ አወረደች። ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ ጎምዛዛውን ውሃ እስከ ታች ጨለጠችው፤ ከዚያ አንገቷን አቅንታ ልጇን አየቻት።

«ምንም» አለች። «ቀጥ ብዬ እየበላሁልሽ ነው።»